ባርለ፦ አንዲት ከተማ በሁለት አገር ለምን ተቆራረጠች?

የቀረበው ጥያቄ፦ «የምኖረው ሮተርዳም ነው። ባለፈው ነሐሴ ቤተሰቤን ይዤ በቤልጂየም ድንበር አካባቢ ወደምትገኝ ባርለ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄድን። ልጆቼ እግረኛ መንገዱ ላይ በተሳሉት ነጭ መስቀሎች እየዘለሉ አገር ሲቀያይሩ ዋሉ። ማታ ቤት ገብቼ ካርታውን ሳየው አይጥ የበላው ጨርቅ ይመስላል። ይህ የጦርነት ውጤት ነው ወይስ የቀያሽ ስህተት? ሁለቱ አገሮችስ እስከ ዛሬ ለምን አላስተካከሉትም? ቤቱ መስመሩ ላይ ያረፈ ሰውስ ግብሩን ለማን ይከፍላል?»

ምላሽ፦

ለጥያቄዎ አመሰግናለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ። አጭሩ መልስ፣ ነገሩ የጦርነት ውጤትም የቀያሽ ስህተትም አይደለም የሚል ነው። ጦርነቶችና ቀያሾች በኋላ መጥተው አጸኑት እንጂ አልፈጠሩትም። ልጆችዎ የዘለሉት መስመር በመነሻው ከ800 ዓመት በፊት የትኛው ማሳ ለየትኛው ጌታ ይገብር እንደነበር የሚያመለክት ነው። የገባር ወሰን እንዴት የአገር ወሰን ሊሆን እንደበቃ ግን ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል።

ከተማዋ የምትገኘው በደቡብ ኔዘርላንድ፣ በሰሜን ብራባንት ክፍለ ሀገር፣ ከብሬዳና ከቲልቡርግ በስተደቡብ፣ ከቤልጂየሟ ቱርንሃውት በስተሰሜን ሲሆን፣ ከዋናው የሁለቱ አገሮች ድንበር አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኔዘርላንድ ገባ ብላ ነው። አንድ ከተማ ብንላትም በሕግ ሁለት ናት። ወደ 7,000 ገደማ ነዋሪ ያላት ባርለ-ናሳው የኔዘርላንድ፣ ወደ 3,000 ገደማ ነዋሪ ያላት ባርለ-ሄርቶግ ደግሞ የቤልጂየም አንትቨርፕ ክፍለ ሀገር ናቸው። ባርለ-ሄርቶግ አንድ ወጥ መሬት የላትም፤ በኔዘርላንድ መሬት ዙሪያውን የተከበቡ 22 ቁራሾች አሏት። ትልቁ አንድ ተኩል ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ትንሹ የአንድ ሄክታር ሲሶ እንኳ አይሞላም። ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል ነበር። ነገር ግን በእነዚህ የቤልጂየም ቁራሾች ሆድ ውስጥ ደግሞ ሰባት የኔዘርላንድ ቁራሾች ይገኛሉ። ስለዚህ ኔዘርላንድ ውስጥ ቆመው ወደ ቤልጂየም፣ ከቤልጂየም ተመልሰው ወደ ኔዘርላንድ ሲገቡ፣ የገቡበት ኔዘርላንድ የተነሡበት ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ስምንተኛ የኔዘርላንድ ቁራሽም አለ፤ እርሱ ግን ከከተማዋ ወጣ ብሎ ዋናው የቤልጂየም መሬት ውስጥ ያለ ነው።

የሁለቱ ስም ትርጉም የጥያቄዎን ግማሽ ይመልሳል። «ሄርቶግ» በደች ቋንቋ መስፍን ማለት ነው። «ናሳው» ደግሞ በጋብቻ የብሬዳን ጌትነት የወረሰው የመኳንንት ቤት ስም ሲሆን፣ የዛሬው የኔዘርላንድ ንጉሣዊ ቤተሰብ የሚጠራበትም ይኸው ስም ነው። እንግዲህ አንዷ የመስፍኑ ባርለ፣ ሌላዋ የናሳው ባርለ ናት።

ነገሩ የሚጀምረው በ1198 ነው። የብሬዳ ጌታ የነበረው ጎድፍሪድ በሰሜን በኩል ከሆላንድ ገዥ ግፊት ስለበዛበት፣ በደቡብ ያለውን ኃያል ጎረቤቱን፣ የብራባንቱን መስፍን ሄንድሪክ ቀዳማዊን ተጠጋ። በዘመኑ ደንብ መጠጋት ማለት መሬትን ለኃያሉ አስረክቦ፣ ያንኑ መሬት በታማኝነት ቃል ኪዳን መልሶ መቀበል ነው። መስፍኑም ውለታውን ለማጥበቅ በባርለ ዙሪያ ተጨማሪ መሬት ሰጠው። ይሁን እንጂ ሁሉንም አልሰጠውም። ቀድሞውኑ ሰው የሰፈረባቸውን፣ የሚታረሱትንና ለእርሱ የሚገብሩትን ማሳዎች ለራሱ አስቀርቶ፣ በመካከላቸው ያለውን ጠፍ መሬት ለቀቀለት።

ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ከብዙ የአውሮፓ አንባቢዎች ይልቅ ይቀላል ብዬ አምናለሁ። እኛ ርስትና ጉልት የሚባሉትን ለይተን እናውቃለን። ጉልተኛው የሚይዘው መሬቱን ራሱን ሳይሆን ከመሬቱና ከገበሬው የሚወጣውን ግብር ነው፤ በአንድ አጥቢያም የሁለት ጉልተኞች ገባሮች ጎን ለጎን ሊያርሱ ይችላሉ። ሁለቱ ሥርዓቶች አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የ1198ቱ ስምምነት ያካፈለው ግዛት ሳይሆን ገባር መሆኑን ለመረዳት ይህ አስተሳሰብ ከዘመናዊ ካርታ ይልቅ ይረዳል። በዚያ ዘመን ማንም ሰው ባርለ ውስጥ «ድንበር» ያሰመረ አልነበረም፤ ማን ለማን እንደሚገብር የሚታወቅ ነገር ነበር፣ ያ ብቻ ነው።

መስመሩ ለምን እንዲህ እንደተበጣጠሰ የሚገባን ግን መሬቱን ስናይ ነው፤ ታሪኩን የሚተርኩ ብዙዎች ይህን ክፍል የሚዘሉት ይመስለኛል። ባርለ ያለችው ኬምፐን በሚባለው፣ በአሸዋ በተሸፈነ ሜዳማ አገር ላይ ነው። አሸዋው ውኃም ማዳበሪያም አይዝም። ስለዚህ የመካከለኛው ዘመን ገበሬ ሁሉንም ማረስ አይችልም ነበር፤ ለጅረት የቀረበውን፣ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚጠነፈፈውን መርጦ ያርስና የቀረውን ለበግ ግጦሽ ይተወዋል። በዚህ የተነሣ የሰው ሰፈር አንድ ቦታ የተሰበሰበ ሳይሆን እዚህም እዚያም በጣል በጣል ያለ ሆነ፤ በመካከሉም አጭር ቁጥቋጦ የሸፈነው ሰፊ ጠፍ መሬት ቀረ። መስፍኑ የታረሰውን ለራሱ አስቀርቶ ጠፉን ሲሰጥ፣ በካርታ ላይ የሚቀረው ምስል በውኃ ላይ እንደተበተኑ ደሴቶች ሊሆን የግድ ነበር። ሰባቱ የኔዘርላንድ ቁራሾችም በዚሁ መንገድ ይገለጻሉ፤ በመስፍኑ መሬት መካከል ለብሬዳ ጌታ የሚገብሩ ማሳዎች ነበሩ።

የዚያን አገር ገበሬ ድካም ዛሬም ማየት ይቻላል። ገበሬዎቹ ከጠፉ መሬት ላይ ሣርና ሥሩን ከነአፈሩ እየላጡ በበረት ለበጎቻቸው ያነጥፉት ነበር፤ በኋላም ከፍግ ጋር የተቀላቀለውን አውጥተው ማሳ ላይ ይበትኑታል። ይህን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲደጋግሙት ማሳው ራሱ ከፍ እያለ ሄደ። በኬምፐን አካባቢ የቆየ ማሳ በተቆፈረበት ቦታ፣ ከላይ ግማሽ ሜትር፣ አንዳንዴም አንድ ሜትር የሚደርስ ጥቁር አፈር፣ ከሥሩ ደግሞ ገርጣ ያለ ቢጫ አሸዋ ይታያል። ጥቁሩ ሁሉ በሰው ትከሻና በጋሪ የመጣ ነው። እርሻ እንዲህ ድካም በሚጠይቅበት አገር መስፍኑ የታረሰውን መሬት ለሌላ ጌታ አሳልፎ ለመስጠት አለመፈለጉ አያስገርምም።

ለ450 ዓመታት ይህ ሁሉ የውስጥ ጉዳይ ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች በብራባንት ሥር ስለነበሩ ለማንም አላስቸገረም። በ1648 የሙንስተር ስምምነት ከስፔን ጋር የተደረገውን የሰማንያ ዓመት ጦርነት ሲዘጋ ነገሩ ተለወጠ። የብሬዳ ግዛት ወደ ኔዘርላንድ ሪፐብሊክ ሲገባ፣ የመስፍኑ ድርሻ ከቱርንሃውት ጋር በስፔን እጅ ቀረ። የገባር ወሰን የነበረው በአንድ ሌሊት የሁለት መንግሥታትና የሁለት ሃይማኖቶች ወሰን ሆነ። በሪፐብሊኩ በኩል የካቶሊክ ሥርዓት በአደባባይ ሲከለከል፣ ጥቂት እርምጃ ወዲህ ባለው በባርለ-ሄርቶግ ግን የቅዱስ ሬሚጊዩስ ቤተ ክርስቲያን አልተዘጋም።

ቀጥሎ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። ከናፖሊዮን ውድቀት በኋላ በ1815 ሁለቱ አገሮች በአንድ ንጉሥ ሥር ተዋሐዱ፤ በ1830 ቤልጂየሞች ዐመፁ፤ በ1839 በለንደን ስምምነት መለያየታቸው ጸደቀ። አሁን ችካል መትከል የግድ ሆነ። የድንበር ኮሚሽኑ ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ እየተከለ መጥቶ ባርለ አካባቢ ሲደርስ ግራ ተጋባ። በመጨረሻ የወሰደው እርምጃ በድንበር ታሪክ ውስጥ እምብዛም የማይገኝ ነው፤ መስመር ማስመሩን ተወው። በ1843 በማስትሪኽት በተፈረመው ስምምነት 5,732 የመሬት ቁራጮች በየተራ ተዘርዝረው፣ እያንዳንዳቸው የየትኛው አገር እንደሆኑ ተጻፈ። ከችካል ቁጥር 214 እስከ 215 ባለው ቦታ ላይ መስመር አልነበረም፤ የነበረው ዝርዝር ብቻ ነው። እንግዲህ «የቀያሽ ስህተት» ያሉት ነገር በተቃራኒው የቀያሽ ጥንቃቄ ነው ማለት ይቻላል። ቀያሾቹ ያልገባቸውን ነገር ቀጥ አድርገው ከማበላሸት ይልቅ እንዳለ መመዝገብን መረጡ።

አንድ ስህተት ግን በእርግጥ ተፈጥሯል፤ ያም ዘንደራይገን በሚባለው ስፍራ ባሉ 91 እና 92 ቁጥር በተሰጣቸው ሁለት ቁራጮች ላይ ነው። ሁለቱ ማዘጋጃ ቤቶች በ1841 ባጠናቀቁት ሰነድ ውስጥ ቁራጮቹ የባርለ-ናሳው ተብለው ሲጻፉ፣ ከ1843ቱ ስምምነት ጋር በተያያዘው መዝገብ ላይ ግን የባርለ-ሄርቶግ ሆነው ተገኙ። ኔዘርላንድ «ሲገለበጥ የተፈጠረ ስህተት ነው፤ ደግሞም ከመቶ ዓመት በላይ ያስተዳደርነው እኛ ነን» ስትል፣ ቤልጂየም «የተፈረመው ይኸው ነው» አለች። ጉዳዩ ሄግ ወደሚገኘው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ፍርድ ቤቱም ሰኔ 20 ቀን 1959 በ10 ድምፅ በ4 ተቃውሞ ለቤልጂየም ፈረደ። ኔዘርላንድ በማስረጃነት ያቀረበቻቸው የመሬት ግብር ደረሰኞች፣ የመሬት ሽያጭ ምዝገባዎች፣ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቦች የአካባቢ ሹማምንት የዘወትር ሥራ ናቸው እንጂ በስምምነት የጸናን ሉዓላዊነት አይሽሩም ተባለ። በመንደሩ አቅራቢያ ያለው የቀረው ወሰን እስከ 1974 ድረስ በመስመር አልተለየም፤ የመጨረሻዎቹ ጥያቄዎች ተዘግተው ሥራው የተጠናቀቀውም በ1995 ነው። ከ1198 ብንቆጥር 797 ዓመት መሆኑ ነው።

ስለ ጦርነት ከጠየቁ አይቀር፣ ጦርነት መስመሩን ባይፈጥረውም ጥቅሙን አንድ ጊዜ አሳይቶታል። በነሐሴ 1914 ጀርመን ቤልጂየምን ወረረች፤ ኔዘርላንድ ግን ገለልተኛ ነበረች። የባርለ-ሄርቶግ ቁራሾች የቤልጂየም ቢሆኑም በገለልተኛ አገር መሬት ስለተከበቡ፣ የጀርመን ጦር የኔዘርላንድን መሬት ሳይረግጥ ሊደርስባቸው አልቻለም። ከምዕራብ ጫፍ ከይዘር ወንዝ ጀርባ ካለችው ጠባብ መሬት በቀር፣ የቤልጂየም ባንዲራ በነጻነት የሚውለበለብበት መሬት ይኸው ብቻ ሆነ። በጥቅምት 1915 ቤልጂየሞች እዚያ የሬዲዮ ጣቢያ ተከሉና የጀርመኖችን መልእክት ማዳመጥ ጀመሩ። ጀርመኖቹ አዩ፣ ተናደዱ፣ ነገር ግን ምንም ማድረግ አልቻሉም። ገለልተኛነቷ የሚጎድፍባት የመሰላት ኔዘርላንድ ቦታውን በእሾሃማ ሽቦ አጠረችው። በዋናው ድንበር ላይ ደግሞ ጀርመኖች ሰው እንዳያመልጥ 2,000 ቮልት የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያልፍበት አጥር ዘርግተው ነበር፤ ለመሻገር ሲሞክሩ በዚያ አጥር ላይ የቀሩ ብዙ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ኔዘርላንድም አብራ ስለተወረረች መስመሩ ማንንም አላዳነም። በጥቅምት 1944 መጀመሪያ ላይ ከተማዋን ነጻ ያወጣት የፖላንድ አንደኛ የብረት ለበስ ክፍለ ጦር ነው።

ወደ ቤቱና ወደ ግብሩ ልምጣ። መስመሩ የሚያልፍባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የባርለ-ሄርቶግ ማዘጋጃ ቤት ራሱ መስመሩ ከሚያልፍባቸው ሕንጻዎች አንዱ ነው። እዚያ የሚሠራበት ልማድ «የፊት በር ደንብ» ይባላል፤ የቤቱ አድራሻ የሚቆጠረው የፊት በሩ በተከፈተበት አገር ነው። ነዋሪው የሚመዘገበውም በዚያው አገር ማዘጋጃ ቤት ነው። የገቢ ግብር ግን በበሩ ብቻ አይወሰንም፤ ሰውየው የሚሠራበት አገርና ሁለቱ መንግሥታት ግብር ሁለት ጊዜ እንዳይከፈል ያደረጉት ስምምነት ይታያል። በሩ የሚወስነው ነገር ብዙ ስለሆነ፣ በሩን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ማዛወር በባርለ የታወቀ ነገር ነው። በአንዱ አገር የግንባታ ፈቃድ የተከለከለ ሰው በሩን በሌላው በኩል አድርጎ ከሌላው አገር ፈቃድ የጠየቀበት ጊዜ አለ። መስመሩ ላይ ሆን ተብሎ የተሠራ አንድ ባንክም ነበር፤ የየትኛውም አገር የግብር መርማሪ ከራሱ ወሰን አልፎ ካዝናውን መክፈት ስለማይችል ለገንዘብ ደባቂዎች ምቹ ሆኖ ቆየ፤ ይህ በመጨረሻ ሁለቱን መንግሥታት አስተባብሮ አስዘጋው።

ከተማዋ በልዩነቱ ኖራለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት በኔዘርላንድ የሚረክሰው ቅቤ ወደ ቤልጂየም በኮንትሮባንድ ይጋዝ ነበር፤ በዚያ ድንበር ላይ ኮንትሮባንዲስቶቹ መኪናቸውን በብረት ለብጠው፣ የሚያሳድዳቸውን የጉምሩክ መኪና ጎማ ለመብሳት ባለ አራት ጫፍ ብረት እየበተኑ ይሸሹ ነበር። የኔዘርላንድ ሱቆች እሑድ እንዲዘጉ በሚገደዱበት ዘመን የባርለ የቤልጂየም ሱቆች ክፍት ስለነበሩ፣ የእሑድ ገበያ ከተማዋን የቱሪስት መዳረሻ አደረጋት። መስመሩ በመካከላቸው በሚያልፍባቸው ምግብ ቤቶች፣ በኔዘርላንድ ሕግ የመዝጊያ ሰዓት ሲደርስ እንግዳው ሳህኑን ይዞ ወደ ቤልጂየም ጠረጴዛ ይዛወር ነበር። ቢራ ለመጠጣት በኔዘርላንድ ከ2014 ጀምሮ 18 ዓመት መሙላት ሲያስፈልግ በቤልጂየም 16 ይበቃል። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ በ2020 የጸደይ ወራት፣ ቤልጂየም አስፈላጊ ያልሆኑ ሱቆችን ስትዘጋ ኔዘርላንድ አልዘጋችም፤ መስመሩ ላይ ያለ አንድ የልብስ ሱቅ ግማሹን በጥብጣብ አጥሮ ግማሹን ከፍቶ ሲሸጥ ሰንብቷል።

ሁለት ከንቲባ፣ ሁለት ምክር ቤትና ሁለት የፖሊስ ኃይል ያለበት ቦታ ለአስተዳደር ቀላል አይደለም። ሁለቱ ማዘጋጃ ቤቶች ከ1998 ጀምሮ በአንድ የጋራ አካል እየተሰበሰቡ የመንገድና የፍሳሽ ሥራን አብረው ይወስናሉ፤ የቤተ መጻሕፍትና የእሳት አደጋ አገልግሎታቸውም የጋራ ነው።

ታዲያ ለምን አላስተካከሉትም? ሁለቱ አገሮች መሬት መለዋወጥ ስለማይወዱ አይደለም። በ2018 መጀመሪያ ላይ በስተምሥራቅ ሜውዝ በሚባለው ወንዝ ዳር መሬት ተለዋውጠዋል። ወንዙ በሰው ሥራ ቀጥ ሲደረግ ከማዶ የቀሩ መሬቶች ነበሩና፣ ቤልጂየም ከሰጠችው ያነሰ፣ ወደ 3 ሄክታር ያህል ተቀበለች፤ ክርክርም አልነበረም። ልዩነቱ በዚያ የሚኖር ሰው አለመኖሩ ነው። ባርለ ላይ መስመሩን ማቃናት ማለት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ዜግነታቸው፣ የልጆቻቸው ትምህርት ቤት፣ ጡረታቸውና የቤት ብድራቸው የተመሠረተበትን ሕግ በአንድ ቀን መለወጥ ማለት ነው። ህንድና ባንግላዴሽ በ2015 እርስ በርስ የተዋዋጡ 162 ቁራሾቻቸውን ሲለዋወጡ ምክንያታቸው ተቃራኒ ነበር፤ እዚያ የሚኖረው ሰው ከአገሩ ተነጥሎ መብራትም፣ ትምህርት ቤትም፣ ሕጋዊ ወረቀትም የማያገኝ ስለነበር መስመሩ መከራው ነበር። የባርለ ሰው ግን የሁለቱንም አገር አገልግሎት በእግሩ ሄዶ ያገኛል። የድንበር ፍተሻው ቀርቷል፤ ገንዘቡም ከ2002 ጀምሮ አንድ ነው። በእኔ ግምት ማንም ሰው ይነሣልኝ ብሎ ያልጠየቀውን መስመር ለማንሣት የሚደክም መንግሥት አይገኝም።

ተመልሰው ከሄዱ ነጩን መስቀል ትተው የየቤቱን የቁጥር ሰሌዳ ይመልከቱ። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ የየአገሩ ባንዲራ ቀለም ስላለበት፣ አንድ መንገድ ላይ ቆመው የ1198ቱን ማሳዎች በዓይንዎ መለየት ይችላሉ። ሎቨረን በሚባለው መንገድ ላይ መስመሩ የፊት በሩን ለሁለት የሚከፍለው አንድ ቤት አለ። የበሩ ደንብ እዚያ ሊፈርድ ስላልቻለ ቤቱ ሁለት ቁጥር ተሰጥቶታል፤ በኔዘርላንድ በኩል 2፣ በቤልጂየም በኩል 19 ነው።